እኅት ካልናት፣ ለእኅት የሚነገረውን እንንገራት



ሰጉላ ሲባል ለብዙዎቻችን መጀመሪያ ትዝ የሚለን ሥራ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥተን የምንገባባቸው ፋብሪካዎች፣ ጋራዦችና መጋዘኖች ያሉት በዚህ ሰፈር ነው። የፔታሕ ቲክቫ የድሮው መካነ መቃብርም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ሰጉላን በቀብር የሚያውቁትም አሉ። በከተማዋ በሌላው ጫፍ ደግሞ ማናችንም ሳንወድ የምንሄድበት ትልቅ ግቢ አለ፤ እርሱም የቤይሊንሰን ሆስፒታልና ከጎኑ ያለው የሽናይደር የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ቤይሊንሰን የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ሲሆን፣ ሽናይደር የተከፈተው ብዙ ወገኖቻችን በዘመቻ ሰሎሞን በገቡበት በ1991 ነው።

እኛ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች አዲስ የገቡ ቤተሰቦችን ቤት ለቤት ስንጎበኝ ስለ ሐኪሙ ብዙ እንሰማለን። «ሐኪሙ ጥሩ ነው»፣ «ሐኪሙ በደንብ አላየኝም» ይባላል። የነርሷን ነገር የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ አይቶ ሲያልፍ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የምትቀረው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጠው፣ ሌሊት ትኩሳት ቢነሳ መጀመሪያ የምታውቀው ነርሷ ናት። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ነርስ ሥራ፣ ስለ ነርሶች አለቃ ኃላፊነትና ስለ እኛ ስለ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ድርሻ እንነጋገራለን።

የአንዲት እናት ነገር

ስማቸውን አንጠቅስም። ከጎንደር ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው እናት ናቸው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የታወቀው እዚህ አገር ከገቡ በኋላ ነበር። በአንድ ሆስፒታል ጥቂት ቀናት ተኝተው ሲወጡ፣ ነርሷ ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወጉ አሳየቻቸው። ያስተረጎመው የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ነርሷ «ገባዎት?» ብላ አስጠየቀች። እናታችንም «እሺ» አሉ። ነርሷ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጋ ሸኘቻቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሲግድ በዓል ደረሰ። እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደለመዱት ጾሙን ያዙ። መርፌውን ግን እንደ ታዘዙት ጠዋት ተወጉ። ረፋዱ ላይ ላብ በላብ ሆኑ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ንግግራቸው ተምታታ፤ ቀጥሎም ወደቁ። ጎረቤት 101 ደውሎ አምቡላንስ ባይጠራ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መልክ እንጽፈው ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት መናገር አለብን። ከመውደቃቸው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እኛም ቤታቸው ሄደን ነበር። ቡና ጠጥተን «እንዴት ነዎት?» አልናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉን። እኛም በፋይላቸው ላይ «ደህና ናቸው» ብለን ጻፍን። «እግዚአብሔር ይመስገን» ሰላምታ እንጂ የጤና ማስረጃ አለመሆኑን በዚያው ባህል ያደግን እኛ እንኳ ዘነጋነው።

እናታችን እንደገና ሆስፒታል ሲተኙ የክፍሉ የነርሶች አለቃ አስጠራችን። ማን አጠፋ ብላ አልጀመረችም። ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠችና በአስተርጓሚ በኩል አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ «ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ከዚያስ? ከዚያስ?» አለቻቸው።

እናታችንም ቀናቸውን በሙሉ ተረኩላት። ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ። ቡና ያፈላሉ። ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱንም ስኒ ስኳር ጨምረው ይጠጣሉ። የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ቤት ይጠርጋሉ። እህል የሚቀምሱት ከረፋዱ በኋላ ነው። መርፌውን ግን ማልደው ይወጋሉ። ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት የሰማ አልነበረም። የነርሶች አለቃዋ «ስለ ጾሙ ለምን አልነገሩንም?» ስትላቸው፣ «ማን ጠየቀኝ? ደግሞም ልጅቱ ሥራ በዝቶባት ነበር፤ ላስቸግራት አልፈለግሁም» አሏት።

ከሐኪሙ ጋር ተመካክረው የመርፌውን ሰዓት ከምግባቸው ሰዓት ጋር አስማሙት። አለቃዋ ግን በዚህ አላበቃችም። ነርሶቿን ሰብስባ ሁለት ነገር አዘዘች። አንደኛው፣ ከእንግዲህ ታካሚ «ገባዎት?» ተብሎ ብቻ አይሸኝም፤ «እስቲ ያሳዩኝ» ተብሎ የተማረውን በራሱ እጅ ሲያደርግ ታይቶ ይሸኛል። ሁለተኛው፣ ልጅ አስተርጓሚ አይሆንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያ ክፍል የወጡ ቤተሰቦችን ስንጎበኝ ልዩነቱን በዓይናችን አይተናል። አለቅነት ማለት ይህ ይመስለናል። የአንድ ሰው ጉዳት ለሚቀጥለው ሰው ትምህርት እንዲሆን ማድረግ ነው።

ሲስተርና አሖት

በአገር ቤት ነርሷን «ሲስተር» እንላታለን። በዕብራይስጥ ደግሞ ነርስ «አሖት» ትባላለች፤ ወንዱ ነርስ «አሕ» ይባላል። አሖት ማለት እኅት፣ አሕ ማለት ወንድም ነው። በሁለቱም አገር ሰው ይህችን ባለሙያ የሥጋ ዘመድ ስም ሰጣት ማለት ነው። የነርሶች አለቃ «አሖት አሕራዒት» ትባላለች፤ ኃላፊነት ያለባት እኅት እንደ ማለት ነው። ይህን ስም ያዙት፤ ክፍል ውስጥ ችግር ሲገጥማችሁ የምትጠይቁት እርሷን ነውና።

ይህ ሙያ ለእኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር። የንጉሥ ልጅ ሆነው የታመመ ሕፃን አጥበዋል፣ አልጋ አንጥፈዋል። በ1942 በ22 ዓመታቸው ነቀምት ላይ ሲያርፉ፣ በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራላቸው። ብዙዎቻችሁ በምታውቋት በጎንደር ደግሞ በ1954 የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ነርሷ በሽተኛው እስኪመጣ አትጠብቅም፤ ራሷ ወደ ሰው ቤት ትሄዳለች የሚል ሐሳብ ነበረው።

በዚህም አገር ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1913 ሮዝ ካፕላንና ሬይ ላንዲ የተባሉ ሁለት ነርሶች ከአሜሪካ መጥተው በኢየሩሳሌም ሥራ ጀመሩ። የዓይን ማዝ የያዛቸውን ልጆችና ነፍሰ ጡሮችን ይረዱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሕፃናት ንጹሕ ወተት የሚታደልበት ጣቢያ ተቋቋመ። ወተቱ በአህያ ተጭኖ በየሰፈሩ ይዞር ነበር። ዛሬ ልጆቻችሁን ክትባት የምታስከትቡበትና የምታስመዝኑበት «ቲፓት ሐላቭ» ስሙ «የወተት ጠብታ» ማለት የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። ሕንፃው ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው የእኅት ሥራ ነው።

ዝም የሚያሰኘን ምንድን ነው?

አባቶቻችን ሁለት ተረት ይተርታሉ። አንዱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይላል። ሌላው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ሆስፒታል ስንገባ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እንይዛለን። ይሉኝታ አለብን። የተማረን ሰው መጠየቅ እንደ ድፍረት ይመስለናል። «እሺ» ስንል «አከበርኩሽ» ማለታችን ነው፤ የእስራኤል ነርስ ግን «ገብቶኛል፣ አደርገዋለሁ» ብላ ትወስደዋለች። እርሷም አላጠፋች፣ እኛም አላጠፋን፤ ቃሉ በመካከላችን ወድቆ ይቀራል።

ከይሉኝታው ሌላ ቁስልም አለ፤ ይህን አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች ልታውቁት ይገባል። በጥር 1996 ቤተ እስራኤል የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ሰልፍ ወጡ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተሰየመ። ከዚያም በ2012 መጨረሻ ወገን ሴቶች የሚሰጣቸውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ምንነት በሚገባ ሳይረዱ ይወጉ ነበር የሚል አቤቱታ በቴሌቪዥን ተሰማ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቷ ትርጉሙን ላትረዳ ትችላለች የሚል ጥርጣሬ ካለ የመርፌው ማዘዣ እንዳይታደስ ለጤና ድርጅቶች ጻፉ። የነገሩ አመጣጥ ብዙ አከራክሯል። አንድ ነገር ግን ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ያልተረዱት መርፌ የፈቀዱት መርፌ አይደለም።

ስለዚህ አንድ አዛውንት ደም ሲቀዳባቸው «ደሜን ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብለው ቢጠይቁ ነርሷ ልትቆጣ አይገባም። መልሱም ቀላል ነው። የአዋቂ ሰው ሰውነት 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ ለምርመራ የሚቀዳው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፣ አካሉም ይተካዋል። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መልስ መስጠትም የነርሷ ሥራ ነው።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው

ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ መሠረት የአገሩ ነዋሪ ሁሉ ከአራቱ የጤና ድርጅቶች (ኩፓት ሖሊም) በአንዱ ይመዘገባል። እነርሱም ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሔዴትና ሌኡሚት ናቸው።

በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ደግሞ ታካሚ ክብሩና ምሥጢሩ እንዲጠበቅለት፣ ሳይፈቅድ እንዳይታከም፣ ከሌላ ሐኪምም ሐሳብ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ማብራሪያው ታካሚው በተቻለ መጠን እንዲረዳው ሆኖ መቅረብ እንዳለበትም ሕጉ ይናገራል። በየሆስፒታሉ የታካሚ መብት ኃላፊ አለ፤ አቤቱታ ያለው ለዚያ ሰው ማቅረብ ይችላል። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ፣ ሆስፒታሎችና የጤና ድርጅቶች አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ ታዘዋል። ስለዚህ «አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። «አኒ ጻሪኽ ሜቱርገማን» (ሴት ከሆነች «አኒ ጽሪኻ ሜቱርገማን») ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ለእኅት የሚነገረው ምንድን ነው?

ከቤተሰቦች ጋር ስንሠራ ካየነው በመነሳት የሚከተለውን እንመክራለን።

1. ሕመሙን በቦታው ንገሯት። በገጠር «ልቤን አመመኝ» ስንል ብዙ ጊዜ ጨጓራችንን ማለታችን ነው። እዚህ አገር «ልቤ» ያለ ሰው ወዲያው የልብ ምርመራ ይደረግለታል። እጃችሁን ሕመሙ ላይ አድርጋችሁ አሳዩ። ነርሷ «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ የምትፈልገው ለማስታገሻው መለኪያ ነው። አባቶቻችን ለጀግንነት ሲሉ «ዜሮ» ይላሉ፤ ዜሮ ያለ ሰው ማስታገሻ አያገኝም።

2. ስማችሁንና የመታወቂያ ቁጥራችሁን ደጋግማ ብትጠይቅ አትቀየሙ። ብዙዎቻችን መታወቂያ ላይ የተጻፈው ስማችንና ቤት የምንጠራበት ስም ይለያያል። ነርሷ መድኃኒት በሰጠች ቁጥር የምትጠይቀው የሌላ ሰው መድኃኒት እንዳይሰጣችሁ ነው።

3. ከመድኃኒት ቤት ያልመጣውንም ንገሯት። ኮሶ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም ወይም የአብሽ ውኃ የምትወስዱ ከሆነ ደብቃችሁ አትያዙት። ለምሳሌ አብሽ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደረብ ስኳሩን ከሚፈለገው በታች ሊያወርደው ይችላል። የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነካርቶኑ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

4. ስለ ጾም፣ ስለ ቡናና ስለ ምግብ ሰዓታችሁ ሳትጠየቁ ንገሯት። ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ለሕይወት ያሰጋል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ መፍጠንና ግራ መጋባት ከታየ ስኳሩ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሰውየው አእምሮውን ካልሳተ ወዲያው ጭማቂ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ 101 ደውሉ።

5. ልጆችን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ዕብራይስጥ ስለተናገሩ ሸክሙን በእነርሱ ላይ እንጥላለን። እናት የማኅፀኗን ሕመም በወንድ ልጇ አፍ አትናገርም፤ ልጅም የአባቱን ክፉ በሽታ መጀመሪያ ሊሰማ አይገባውም። ደግሞም ልጅ ያልገባውን ቃል ዘልሎ ያልፈዋል።

6. መድኃኒቱ እስኪያልቅ ውሰዱ። በአገር ቤት ድሬሰሩ አንድ መርፌ ወግቶ ይሸኘን ስለነበር፣ ክኒን ብቻ ሲሰጠን የተናቅን ይመስለናል። ሕመሙ ሲቀልም እናቆመዋለን። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል፤ ከመካከሉ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ተለማምዶ ሊመለስ ይችላል። ነርሷ ክኒኑን ስትውጡ ቆማ ብታይ እምነት አጥታችሁ ሳይሆን እስከ መጨረሻው አብራችሁ ልትሄድ ነው።

7. ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «ላሳይሽ» በሏት። መርፌውን፣ የስኳር መለኪያውን፣ የቁስል እሽጉን በራሳችሁ እጅ አድርጋችሁ አሳዩአት። የመውጫ ደብዳቤውን (ሚኽታቭ ሺሕሩር) ተቀብላችሁ በኩፓት ሖሊም ላለችው ነርስ አድርሱ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ የክፍያ ዋስትና ወረቀት (ቶፌስ 17) ያስፈልግ እንደሆነም እዚያው ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ነርሶቹ እንጨምር። በሆስፒታል ብዙውን ጊዜ ነርሶች በቀን ሦስት ጊዜ ይቀያየራሉ፤ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ። በቅያሪው ሰዓት ተሰብስበው ሲያወሩ ስናይ «እኛን ትተው ይጫወታሉ» እንላለን። የሚያወሩት ግን ስለ እኛ ነው። የአንዱ በሽተኛ ትኩሳት፣ የሌላው መድኃኒት ከተሰናባቿ ወደ ተረካቢዋ የሚተላለፈው ያኔ ነው። አስቸኳይ ካልሆነ ጥቂት ታገሡ፤ አስቸኳይ ከሆነ ግን ጥሩ፣ አትፈሩ።

የነርሶቹንም ድካም እንወቅላቸው። አንዲት ነርስ በአንድ ሌሊት ብዙ አልጋ ትዞራለች። ብትጣደፍ ንቀት ሁልጊዜ አይደለም። በእውነት ክብር የሚነካ ነገር ከተፈጸመ ግን ዝም አትበሉ። አሖት አሕራዒቷን ጠይቁ፤ ካልሆነም ወደ ሆስፒታሉ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ወይም ወደ እኛ ኑ።

የእኛም ቃል

እኛም ከዚያች እናት በኋላ የጉብኝት አኳኋናችንን ለውጠናል። «እንዴት ነዎት?» ብለን አንጨርስም። «ዛሬ ምን በሉ? መድኃኒቱ የት ነው ያለው? እስቲ ያሳዩን» እንላለን። አንዳንዱ ቤተሰብ መጀመሪያ እንደ ፍተሻ ያየዋል። እንደ እኅትና እንደ ወንድም እንደምንጠይቅ ሲያዩ ግን ማቀዝቀዣውን ከፍተው ያሳዩናል፤ ከበረዶ ክፍሉ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ያወጣንበትም ቀን አለ። ኢንሱሊን በረዶ ከነካው አይሠራምና።

እናታችን በሚቀጥለው ዓመት ሲግድ ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ራሳቸው ነርሷ ዘንድ ሄደው «ጾም አለብኝ፣ ምን ላድርግ?» አሉ። ወደ ቄሱም ሄደው ጠየቁ። ነርሷ መጾም እንደማይችሉ ነገረቻቸው። ቄሱም ነፍስ ማዳን ጾምን እንደሚሽር ነግረው መረቋቸው። በዓሉ ዕለት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ኢየሩሳሌም ወጡ። ቦርሳቸው ውስጥ ዳቦና ጭማቂ ነበር። ጸሎቱ መካከል ፈንጠር ብለው ቀመሱ፣ ከዚያም ተመልሰው ቆሙ። «ዘንድሮስ ተናገርኩ፤ ስናገርም የተቆጣኝ የለም» አሉን።